የጠፋ ዶሴ ይግባኝ የለውም፦ ስለ አልበርታ የፍርድ ቤትና የመሬት መዛግብት

(በዚህ ሐተታ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1914 አቶ ቻርልስ ዳንኤልስ የተባሉ ጥቁር የካልጋሪ ነዋሪ የሼክስፒርን «ኪንግ ሊር» ለማየት ወደ ሸርማን ግራንድ ቲያትር ሄዱ። ትኬት በእጃቸው ነበር፤ ነገር ግን በቆዳቸው ቀለም ምክንያት በያዙት ወንበር እንዳይቀመጡ ተከለከሉ። አቶ ዳንኤልስ በዝምታ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። 1,000 ዶላር ካሳ ጠይቀው ክስ መሠረቱ፤ ተፈረደላቸውም።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1922፣ ወይዘሮ ሉሉ አንደርሰን በኤድመንተን ከተማ ሜትሮፖሊታን ቲያትር እንዳይገቡ ተከለከሉ። እርሳቸውም ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ግን ቲያትር ቤቱ ያልፈለገውን ሰው የመከልከል መብት አለው ብሎ ፈረደባቸው።

በሁለቱ ጉዳዮች መካከል ያለው ልዩነት በፍርዱ ውጤት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የአቶ ዳንኤልስ ክስ ሰነዶችና የጋዜጣ ዘገባዎች ስለ ተረፉ፣ ታሪካቸው አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ተዘንግቶ ከቆየ በኋላ እንደ ኤድመንተኑ በሽር መሐመድ ባሉ ተመራማሪዎች ጥረት ዳግም ወጣ፤ የካልጋሪ ተወላጇ ጸሐፊና ፊልም ሠሪ ሼሪል ፎጎም ከካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ጋር ዘጋቢ ፊልም ሠራችበት። የወይዘሮ አንደርሰን የክስ ዶሴ ግን ዛሬ የለም። በ1971 ያረጁ የፍርድ ቤት ዶሴዎች ሲወገዱ፣ ታሪካዊ ፋይዳ አላቸው ተብለው ከተመረጡት መካከል የእርሳቸው አልነበረም። ስለ ጉዳዩ የምናውቀው በዘመኑ ጋዜጦች ከታተመው ጥቂት ዘገባ ነው። በቃላቸው ምን እንደ መሰከሩ፣ ጠበቃቸው በየትኛው ሕግ እንደ ተከራከሩ፣ ምስክሮች ምን እንዳሉ የሚገልጸው ወረቀት ተቃጥሎም ይሁን ተፈጭቶ ጠፍቷል።

የዚህ ሐተታ አቋም አጭር ነው። የትኛው ዶሴ ይቆይ፣ የትኛው ይወገድ የሚለው ውሳኔ ለመጋዘን ቦታና ለወጪ ቁጠባ ብቻ የሚተው የቢሮ ሥራ አይደለም፤ የፍትሕ ውሳኔ ነው። ስለዚህ በግልጽ፣ በሕዝብ ፊት፣ ጉዳዩ የሚነካቸው ማኅበረሰቦች ባሉበት ሊወሰን ይገባዋል። የተሳሳተ ፍርድ በይግባኝ ይታረማል፤ የወጣ ሕግ ይሻሻላል። የጠፋ ዶሴ ግን ይግባኝ የለውም።

የተሸነፈ ክስም ሕግ ይለውጣል

የፍርድ ቤት መዛግብት ለታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ የሚጠቅሙ ለሚመስላቸው የምክር ቤት ባልደረቦች የካልጋሪውን የሞቴል ክስ ማስታወስ ይበጃል። በ1959 የአልበርታ የጥቁሮች እድገት ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ቴድ ኪንግ፣ በካልጋሪ ባርክሌይ በተባለ ሞቴል ክፍል ተከለከሉ። አቶ ኪንግ በካናዳ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጠበቃ የሆኑት የካልጋሪ ተወላጅ የወይዘሮ ቫዮሌት ኪንግ ወንድም ናቸው። ክሳቸውን ያቀረቡት በዲስትሪክት ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ይህ በሌሎች የካናዳ ክፍላተ ሀገር የካውንቲ ፍርድ ቤት የሚባለው ነው። የአልበርታ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት እስከ 1979 ድረስ ቆይቶ፣ ዛሬ የንጉሡ ችሎት በምንለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውስጥ ተዋሕዷል።

አቶ ኪንግ ተሸነፉ፤ በ1961 ይግባኛቸውም ውድቅ ሆነ። ምክንያቱ በዘር መድልዎ ተገቢነት ላይ የተመሠረተ አልነበረም። የዘመኑ የእንግዳ ማረፊያ ሕግ ማረፊያ የሚለው አልጋም ምግብም የሚያቀርበውን ቤት ነው፤ ሞቴሉ ደግሞ ምግብ አያቀርብም፤ ስለዚህ ሕጉ አይመለከተውም ተባለ። ፍርዱ ይህን ቀዳዳ በጽሑፍ አስቀምጦ ለሁሉም ስላሳየ፣ የአልበርታ ምክር ቤት በዚያው በ1961 ሕጉን አሻሻለ። በ1966 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ የሰብአዊ መብቶች ሕግ ወጣ።

የዚህ ጉዳይ ትምህርት ለሕግ አርቃቂ ግልጽ ነው። ሕግ የሚጎድለው የት ላይ እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የተሸነፈው ሰው ዶሴ ነው። ያሸነፈ ሰው መብቱን ይዞ ይሄዳል፤ የተሸነፈው ግን ሕጉ ያልደረሰበትን ቦታ በስሙ አስመዝግቦ ይሄዳል። «ታሪካዊ ፋይዳ» የሚለው መስፈርት ታዋቂ ሰዎችንና ትልልቅ ክሶችን ብቻ የሚመርጥ ከሆነ፣ የሚጠፋው በአብዛኛው የእንዲህ ያለው ተራ ባለ ጉዳይ ወረቀት ነው፦ የአንዲት የቲያትር ተመልካች፣ የአንድ ተከራይ፣ የአንድ የቀን ሠራተኛ።

መሬቱ የሚናገረው

የመሬት መዛግብት ደግሞ የራሳቸው ምስክርነት አላቸው። በ1872 የወጣው የዶሚኒየን መሬቶች ሕግ 10 ዶላር የመመዝገቢያ ለከፈለ ሰፋሪ 160 ኤከር መሬት ይሰጥ ነበር። ሰፋሪው ባለቤትነቱ እንዲጸናለት በመሬቱ ላይ መኖሩን፣ ቤት መሥራቱንና ማረሱን በመሐላ ማረጋገጥ ነበረበት፤ ጎረቤቶቹም ይመሰክሩለት ነበር። እስከ 1930 ያሉት የአልበርታ የሰፈራ መሬት ዶሴዎች ዛሬ በክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት በማይክሮፊልም ይገኛሉ።

ከ1908 እስከ 1911 ባሉት ዓመታት ከኦክላሆማና ከአካባቢው ግዛቶች መድልዎን ሸሽተው የመጡ ጥቁር ገበሬዎች በአምበር ቫሊ፣ በካምፕሲ፣ ዛሬ ዋይልድውድ በምትባለው በጀንኪንስና ዛሬ ብሬተን በምትባለው በኪስተን ሰፈሩ። የፌዴራሉ ካቢኔ በኦገስት 12 ቀን 1911 የጥቁሮችን ወደ ካናዳ መግባት ለአንድ ዓመት የሚያግድ ድንጋጌ አጸደቀ። የቀረበው ሰበብ ጥቁሮች ለካናዳ የአየር ጠባይ አይስማሙም የሚል ነበር። ድንጋጌው በሥራ ላይ ሳይውል በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተሻረ፤ ነገር ግን ሰበቡ በመንግሥት ወረቀት ላይ ቀርቷል።

ለዚህ ሰበብ መልስ የሚሰጠውም ሌላው የመንግሥት ወረቀት ነው። የሰፈራ መሬት ዶሴው ገበሬው በየዓመቱ ስንት ኤከር እንደ መነጠረና እንዳረሰ፣ ምን ያህል ከብት እንዳረባ፣ ምን ዓይነት ቤት እንደ ሠራ በመሐላ ቃል መዝግቦ ይዟል። ካቢኔው «አይችሉም» ባለበት ዘመን፣ የዚያው መንግሥት የመሬት ጽሕፈት ቤት መቻላቸውን በቁጥር ይጽፍ ነበር። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚያስረዱትን ያህል የሚያስረዳ ክርክር የለም። አንደኛው ብቻ ቢተርፍስ ኖሮ?

እነዚህ የመሬት ዶሴዎች የሚጀምሩበት ቦታ ራሱ ከዚያ በፊት የነበረውን ታሪክ እንደሚሸፍን መዘንጋት የለብንም። ካልጋሪ ያለችበት ምድር ሲክሲካ፣ ካይናይ፣ ፒካኒ፣ ሱቲናና ስቶኒ ናኮዳ ሕዝቦች በ1877 የሰባተኛውን ውል የፈረሙበት ምድር ነው። በ1910 ከሲክሲካ ሕዝብ የተወሰደውን መሬት ጨምሮ በርካታ የቆዩ ክርክሮች እልባት ያገኙት በ2022፣ የካናዳ መንግሥት 1.3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማማ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈበት አቤቱታ ሊጸና የሚችለው በቃል በተላለፈው ትዝታ ላይ የመሬት ሰነድ ሲጨመርበት ነው። በ1910 የተጻፈ ወረቀት በ2022 የሕዝብ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፤ «አሮጌ ወረቀት» የሚባል ነገር እንደሌለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በከተማው ውስጥም ነገሩ ያው ነው። በ1920 ከ400 በላይ የሚሆኑ የቪክቶሪያ ፓርክ ቤት ባለቤቶች ጥቁሮች በሠፈራቸው እንዳይኖሩ እንዲከለከል ለካልጋሪ ከተማ ምክር ቤት ፊርማቸውን አሰባስበው አመለከቱ። እንዲህ ያለው ፍላጎት በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ከማመልከቻ አልፎ በመሬት ሰነድ ላይ የሚመዘገብ ገዳቢ ውል ይሆን ነበር። በዚህ ዓይነቱ ውል ቤቱ ለጥቁር፣ ለአይሁዳዊ ወይም ለእስያ ተወላጅ እንዳይሸጥ ወይም እንዳይከራይ ይደረግ ነበር። በኦንታሪዮ የተነሣ እንዲህ ያለ ክርክር በ1950 እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፍርድ ቤቱ ውሉን ያፈረሰው ግን የሰው ልጅ እኩልነትን በመጥቀስ ሳይሆን፣ ውሉ በአጻጻፉ ግልጽ አይደለም በሚልና በመሰሎቹ የሕግ ነጥቦች ነበር።

በአልበርታ የመሬት ባለቤትነት ምዝገባ ከ1887 ጀምሮ በቶረንስ ሥርዓት የሚመራ ነው። በዚህ ሥርዓት መዝገቡ ራሱ የባለቤትነት ማረጋገጫ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያለ ገደብም ከባለቤት ወደ ባለቤት ይተላለፋል። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት የተመዘገቡ የግንባታ ገደቦች በካልጋሪ ዛሬም ክርክር ያስነሣሉ፤ የከተማው ምክር ቤት በ2024 ያጸደቀው አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀም ለውጥም ይህንኑ ጉዳይ እንደ ገና አደባባይ አውጥቶታል። ሆኖም መዝገቡን መፈለግ የሚቻለው በመሬቱ መለያ ቁጥር፣ በቦታው ሕጋዊ መግለጫና በመሰሎቹ ነው፤ በገደቡ ይዘት አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰነድም ክፍያ አለው። አንድን ቤት ለሚገዛ ሰው ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። የአንድን ሠፈር ታሪክ ለሚያጠና የማኅበረሰብ ድርጅት ግን የተዘጋ በር ማለት ነው።

ሌሎች በሩን ከፍተውታል። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2016 ጀምሮ የሚኒያፖሊስን የመሬት ሰነዶች በኮምፒውተር አንብበው፣ በበጎ ፈቃደኞች አስመርምረው፣ የዘር ገደብ ያለባቸውን ቤቶች በካርታ ላይ አስቀምጠዋል። የዋሺንግተን ግዛት በ2021 ባወጣው ሕግ ሁለት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ ፍለጋ በግዛቱ ሁሉ እንዲያካሂዱ አድርጓል። በ2023 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ፤ በመሬት ሰነድ ምዝገባ ላይ 100 ዶላር በመጨመር፣ በነዚያ ገደቦች ምክንያት ቤት ከመግዛት ለተከለከሉ ቤተሰቦችና ተወላጆቻቸው ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ድጋፍ የሚሰጥ ፈንድ አቋቋመ። መዝገብ ተከፈተ፣ ጥናት ተሠራ፣ ሕግ ወጣ፣ ሰው ቤት ገዛ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ከሌለ የመጨረሻውም የለም።

ከኛ ቤት የምናውቀው

ይህን ሐተታ በአማርኛ የምንጽፈው ጉዳዩ ስለሚመለከተን ብቻ ሳይሆን፣ የመዝገብን ዋጋ የምናውቅ ሕዝብ ስለ ሆንን ጭምር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ከርስት ክርክር ጋር አብሮ ያደገ ነው። በጎንደር ዘመን የርስት ሽያጭ፣ ስጦታና የፍርድ ውጤት በአብያተ ክርስቲያናት ብራናዎች ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቦታ ብቻ ሳይሆን መዝገብ ቤትም ነበር። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብራናዎቹን ጭኖ ሲሄድ የተወሰደው ቅዱስ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት መዝገብም አብሮ ሄዷል። ዛሬ የጎንደርን የመሬት ታሪክ የሚያጠና ሰው ለንደን ድረስ መሄድ የሚገደደው በዚህ ምክንያት ነው።

የቅርቡንም ዘመን እናስታውስ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 እና የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በዓመተ ምሕረት አቆጣጠር በአንድ ዓመት ውስጥ ወጡ። ከዚያ በኋላ የቤት ካርታንና የግብር ደረሰኝን በሣጥን ውስጥ አኑሮ ዐሥርት ዓመታት ያሳለፈ ቤተሰብ የትኛው ኢትዮጵያዊ አያውቅም? በሌላ በኩል በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የገጠር መሬት ምዝገባ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ ሰፍሯል። ይህ ትንሽ የሚመስል የአመዘጋገብ ለውጥ፣ በፍቺም ሆነ በሞት ጊዜ ሴቶች በፍርድ ቤት ፊት የሚያቀርቡት የጽሑፍ ማስረጃ እንዲኖራቸው አድርጓል። በመዝገብ ላይ ማን ይጻፋል የሚለው ጥያቄ፣ ነገ ማን ይከራከራል ከሚለው ጥያቄ አይለይም።

በካልጋሪም የኛ ዶሴ ዛሬ እየተጻፈ ነው። በምሥራቅ ካልጋሪ በዐሥራ ሰባተኛው ጎዳና የሚከፈት የምግብ ቤት የኪራይ ውል፣ የእድርና የማኅበር ቤት ግዢ፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች ይዞታ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር፣ ኑዛዜ ሳይተዉ ያረፉ አባት ውርስ ሁሉ በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ የማቆያ ጊዜ ተወስኖለት ተቀምጧል። የማቆያው ጊዜ ሲያበቃ ወይ ወደ ቤተ መዛግብት ይተላለፋል፣ ወይ ይወገዳል። የዛሬ 50 ዓመት የልጅ ልጆቻችን «አያቶቻችን በዚህች ከተማ እንዴት ኖሩ?» ብለው ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ፣ ዛሬ በማናውቀው ጠረጴዛ ላይ በሚፈረም ሠንጠረዥ ይወሰናል።

በዚህ ላይ የስማችን ጉዳይ አለ። «ፀጋዬ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ሊመዘገብ ይችላል። ልጅ የአባቱን የግል ስም እንጂ የአያቱን የቤተሰብ ስም አይወርስም፤ ሚስትም የባሏን ስም አትይዝም። በቤተሰብ ስም ላይ የተመሠረተ ማውጫ እናትን ከልጅ፣ አያትን ከልጅ ልጅ ሊያገናኝ አይችልም። ዶሴው ሳይወገድ ቢቆይ እንኳ የማይገኝ ዶሴ ከጠፋ ዶሴ ብዙም አይሻልም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ወጪ ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት ብዙ ነው፤ ሁሉንም ማቆየት አይቻልም። ይህ እውነት ነው፤ እኛም ሁሉም ይቆይ አንልም። የምንለው መምረጥ ግድ ከሆነ የምርጫው መስፈርት ይታወቅ፣ የሚወገደው ከመወገዱ በፊት ይገለጽ፣ ቢያንስ የባለ ጉዳዮቹ ስም፣ የክሱ ዓይነትና ውጤቱ የሰፈረበት ማውጫ ለዘለቄታው ይቀመጥ ነው። የወይዘሮ አንደርሰን ዶሴ በተወገደበት ዘመን ገጽን ወደ ዲጂታል ቅጂ መለወጥ አይታሰብም ነበር፤ ዛሬ ግን ይህ ሰበብ የቀድሞውን ያህል ክብደት የለውም።

ሁለተኛው የግል ሕይወት ጥበቃ ነው። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ሆነ በቀላሉ አናልፈውም። የፍቺ፣ የልጅ አሳዳጊነት፣ የጤናና የስደተኝነት ጉዳዮች ያሉበት ዶሴ በማኅበረሰባችን ውስጥ ቢወጣ በሕይወት ያለን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን ለግላዊነት መፍትሔው ማጥፋት ሳይሆን መዝጋት ነው። የተዘጋ ዶሴ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ የተቃጠለ አይከፈትም። ማውጫው ቀድሞ ክፍት ሆኖ፣ ይዘቱ እንደ ጉዳዩ ክብደት ለተወሰኑ ዐሥርት ዓመታት ተዘግቶ፣ ባለ ጉዳዩና ወራሾቹ ግን የራሳቸውን ዶሴ የማየት መብት ኖሯቸው ሊጠበቅ ይችላል።

ሦስተኛው «አድሏዊ ውሎችን ከመዝገብ መፋቅ ይሻላል» የሚለው ቅን ሐሳብ ነው። ሐሳቡ የሚመነጭበትን ቁስል እንረዳለን። ሆኖም የተፋቀ በደል ያልተፈጸመ በደል ይመስላል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1978 እንዲህ ያሉትን ውሎች በሕግ ዋጋ ቢስ አድርጋለች። በአልበርታም እንዲህ ያለ ውል በተገኘበት መዝገብ ላይ ዋጋ ቢስ መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት፤ ሰነዱ ግን ለምስክርነት ይቆይ እንላለን።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከ1979 በፊት ከነበሩት የዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች የተረፉ ዶሴዎች ለዘለቄታው እንዲጠበቁ በደንብ ይወሰን። ከዚያ በኋላ ላሉት ደግሞ ማንኛውም የጅምላ ማስወገድ ከመፈጸሙ በፊት ለሕዝብ ማስታወቂያ ይውጣ፤ ምዘናውንም የታሪክና የሕግ ባለሙያዎች፣ የነባር ሕዝቦች፣ የጥቁሮችና የስደተኛ ማኅበረሰቦች ተወካዮች የሚገኙበት ቡድን ይመልከተው።

ሁለተኛ፣ በክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት የሚገኙት የፍርድ ቤት ዶሴዎች ማውጫ በነፃ በኢንተርኔት ይለቀቅ። ማውጫው የተለያዩ የስም አጻጻፎችን የሚቀበልና ከአንድ የቤተሰብ ስም ውጭ ያሉ የስም ሥርዓቶችን የሚያስተናግድ ይሁን። የኢትዮጵያና የኤርትራ ማኅበራት በዚህ ሥራ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለመስጠት ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ዋጋቸው ያለፈ አሮጌ የባለቤትነት ሰነዶችንና ገዳቢ ውሎችን ለጥናት ለሚፈልጉ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችና ተመራማሪዎች ክፍያው ይነሣ። መንግሥትም ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተዋውሎ አድሏዊ ገደቦች የሚገኙባቸው መዝገቦች በስልት እንዲፈለጉ ያድርግ።

አራተኛ፣ ቤተ መዛግብቱ ያለው ኤድመንተን ነው፤ ከካልጋሪ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በፈረቃ የሚሠራ የካልጋሪ ነዋሪ ስለ ራሱ ሠፈር የሚናገር ዶሴ ለማየት የአንድ ቀን ደመወዝና የመንገድ ወጪ ሊከፍል አይገባም። የግሌንቦው መዛግብት በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአንባቢ ክፍት ሆነው የሚያገለግሉበት አሠራር እንዳለ ሁሉ፣ የክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብትም በካልጋሪ የንባብና የቅጂ አገልግሎት ይክፈት።

ለምክር ቤት አባላት ባልደረቦች በዚህ ዓመት ሊጠየቁ የሚገባቸውን ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን። ለፍትሕ ሚኒስትሩ፦ ባለፉት ዐሥር ዓመታት ምን ያህል የፍርድ ቤት ዶሴ ተወገደ፣ በማን ፊርማ? ባህልን ለሚመራው ሚኒስቴር፦ ለቤተ መዛግብቱ የተመደበው በጀት ከሚረከበው ሰነድ ብዛት ጋር ይመጣጠናልን? የመሬት ምዝገባን ለሚመራው ሚኒስቴር፦ አዲሱ የምዝገባ ቴክኖሎጂ አሮጌዎቹን መጻሕፍትና ገዳቢ ውሎች ከነምስላቸው ይይዛልን? ጥያቄዎቹ ወጪ የላቸውም፤ መልሶቻቸው ግን ቀጣዩን ሕግ ለማርቀቅ መነሻ ይሆናሉ።

ለማኅበረሰባችን ተሟጋቾችም አንድ የቤት ሥራ አለ። የማኅበሮቻችንን የመተዳደሪያ ደንብ፣ የቤት ግዢ ውልና የቃለ ጉባኤ መዛግብት ከሊቀ መንበሩ ቤት ምድር ቤት አውጥተን በአደራ የሚጠብቅ ቦታ እናስቀምጣቸው። መንግሥትን «ጠብቅልን» ስንል የራሳችንን ጥለን ሊሆን አይገባም።

ወይዘሮ ሉሉ አንደርሰን በ1922 ፍርድ ቤት የቆሙት ብቻቸውን ነበር ማለት ይቻላል። ሕጉ ከጎናቸው አልነበረም። ከ49 ዓመት በኋላ ዶሴያቸው ሲወገድ ለሁለተኛ ጊዜ ተፈረደባቸው፤ በዚህኛው ችሎት ግን አልተጠሩም፣ አልተሰሙም፣ ጠበቃም አልቆመላቸውም። ቀጣዩ ዶሴ ከመወገዱ በፊት ችሎቱ በግልጽ እንዲቀመጥና እኛም እንድንሰማ እንጠይቃለን።